ጌም፣ ፋይልና ኢንተርኔት በአንድ ኮምፒውተር፦ ለሰሜን ሸዋ ቤቶች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው የጌም ኮምፒውተር አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ውድ ዕቃ ነው። በዚያው ቤት ውስጥ ግን የቤተሰቡ ፎቶ በየስልኩ ተበታትኗል፣ የሠርጉና የክርስትናው ቪዲዮ በአንዲት ፍላሽ ላይ ብቻ ተቀምጧል፣ ኢንተርኔቱም አንዱ ፊልም ሲያወርድ ለሌላው ይንቀራፈፋል። ይህ መመሪያ ጌም ማጫወትን፣ ፋይል ማስቀመጥንና የቤቱን ኔትወርክ መምራትን በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንዴት ማዋሃድ እንደሚቻል ከዕቃ ግዢ ጀምሮ እስከ ፍተሻው ድረስ ያሳያል። የተዘጋጀው በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በመንዝና በሸዋ ሮቢት ለሚኖር አንባቢ ስለሆነ የከፍታ፣ የብርድና የመብራት ነገር በየቦታው ይነሣል።

ሥራው ሁሉ የሚመራበት አንድ ደንብ አለ፤ እርሱም ጌሙ ሲበላሽ ኢንተርኔቱና ፋይሉ አብረው መቆም የለባቸውም የሚል ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ በኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ አይጫንም። ከሥር ፕሮክስሞክስ የተባለው፣ በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተመሠረተና ያለ ክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር ይጫናል፤ በእርሱ ላይ ራውተሩ፣ ፋይል ማስቀመጫውና ዊንዶውሱ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይቆማሉ። ዊንዶውሱ ቢንጠለጠል ወይም ዝማኔ እየጫነ አሥር ጊዜ ቢነሣ በሌላኛው ክፍል በስልክ የሚነጋገረው ሰው ምንም አይሰማውም። ለዚህ ሥራ የሚውሉ በክፍያ የሚገኙ ሶፍትዌሮችም አሉ፤ ሆኖም ፈቃዳቸው በውጭ ምንዛሪ በካርድ የሚከፈል በመሆኑ ለእኛ አገር ቤት ፕሮክስሞክስን እመርጣለሁ።

አንደኛ፦ ዕቃውን መምረጥ

ፕሮሰሰሩ ቢያንስ ስምንት ኮር ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ስድስት ኮርም በጥንቃቄ ከተከፋፈለ ያገለግላል። ከኮሩ ብዛት የማይተናነሰው ጉዳይ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ያለው መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም ዋናው ግራፊክስ ካርድ ለዊንዶውሱ ሙሉ በሙሉ ስለሚሰጥ ፕሮክስሞክስ የራሱን ስክሪን የሚያሳይበት ሌላ መውጫ ያስፈልገዋል። በኢንቴል በኩል ስሙ በ«ኤፍ» ፊደል የሚያልቅ ፕሮሰሰር ግራፊክስ የለውም፤ ኮር አይ5 12400 አለው፣ 12400 ኤፍ ግን የለውም። በኤኤምዲ በኩል ከራይዘን 5000 ተከታታይ «ጂ» የሚል የተጨመረበትን፣ ከ7000 ተከታታይ ደግሞ «ኤፍ» የሌለበትን መምረጥ ይበቃል።

ሜሞሪው 32 ጊጋባይት ይሁን። ለዊንዶውሱ የሚሰጠው 16 ጊጋባይት ማሽኑ በርቶ እስካለ ድረስ ሙሉ በሙሉ የተያዘ ስለሚሆን ቀሪውን ራውተሩ፣ ፋይል ማስቀመጫውና ፕሮክስሞክስ ይካፈሉታል። ከዚህ ሌላ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ከውጭ ለሚመጣው መስመር፣ ሌላው ለቤቱ። ማዘርቦርዱ አንድ ብቻ ካለው ባለ ኢንቴል ቺፕ ካርድ ገዝቶ መጨመር ይቻላል። በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አስማሚ ግን ቀን ከሌት ለሚሠራ ራውተር አይመከርም።

ግራፊክስ ካርዱን አዲስ አበባ ሄደው ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እንደ አርኤክስ 580 ያሉ ቆየት ያሉ የኤኤምዲ ካርዶች ቨርቹዋል ማሽኑ (በፕሮክስሞክስ ላይ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚቆመው ዊንዶውስ) ከተዘጋ በኋላ ራሳቸውን በትክክል ወደ መነሻቸው ስለማይመልሱ፣ ዊንዶውሱን እንደገና ለማስነሣት መላው ኮምፒውተር መጥፋት ይኖርበታል። ይህ ማለት ልጁ ጌሙን ዘግቶ እንደገና መክፈት ሲፈልግ የቤቱ ኢንተርኔት ይቋረጣል ማለት ነው፤ ከላይ የተቀመጠው ደንብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የኤንቪዲያ ጂፎርስ ካርዶች ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም፤ ኩባንያውም ከ2021 ጀምሮ ካርዱ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንዲሠራ በይፋ ፈቅዷል።

የሃርድ ዲስክ ነገር በእኛ ከፍታ ለብቻው መታየት አለበት። በሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበው ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ እጅግ በቀጠነ የአየር ንብርብር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል፤ ስለዚህ አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሥራ ከፍታውን እስከ 3,048 ሜትር፣ ማለትም እስከ 10,000 ጫማ ድረስ ብለው ይወስናሉ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች በመሆኗ ከወሰኑ በታች ናት፤ ነገር ግን ብዙ አትርቅም። መሐል ሜዳ ከ3,100 ሜትር በላይ ስለሆነ በመንዝ ደጋ ለሚኖር ሰው ምክሬ ግልጽ ነው፦ መጠኑ ቢያንስም፣ ዋጋው ቢወደድም፣ የሚሽከረከር አካል የሌለውን ኤስኤስዲ ይግዙ። 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት ከፍታው አያሳስብም፤ በዚያ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው።

በደብረ ብርሃን ሃርድ ዲስክ የሚገዛ ሰው መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ይግዛ፤ ለምሳሌ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት። በሽያጭ ወረቀቱ ወይም በአምራቹ ሰነድ ላይ «ሲኤምአር» የሚል አጻጻፍ እንዳለ ያረጋግጡ። «ኤስኤምአር» የሚባሉት ዓይነቶች መረጃውን ደራርበው የሚጽፉ ስለሆኑ አንዱ ዲስክ ተቀይሮ መረጃው እንደገና ሲገለበጥ እጅግ ይዘገያሉ። ከእነዚህ በተጨማሪ ለፕሮክስሞክስና ለራውተሩ 500 ጊጋባይት፣ ለጌሞቹ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ (ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት) ቢኖር ሥራው የተሟላ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ባዮስና ፕሮክስሞክስ

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሴቲንግ) ውስጥ ይግቡና አራት ነገር ያስተካክሉ። በኤኤምዲ ቦርድ «ኤስቪኤም» እና «አይኦኤምኤምዩ»፣ በኢንቴል ደግሞ «ቪቲ ኤክስ» እና «ቪቲ ዲ» የሚሉትን ያብሩ፤ እነዚህ ከሌሉ ግራፊክስ ካርዱን ለዊንዶውሱ አሳልፎ መስጠት አይቻልም። ቀጥሎ ዋናው የምስል መውጫ የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ እንዲሆን ይምረጡ። በመጨረሻም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን ራውተር የሆነ ኮምፒውተር ሰው መጥቶ እስኪያበራው ድረስ መጠበቅ የለበትም።

የፕሮክስሞክስና የኦፒኤንሴንስ መጫኛ ፋይሎችን አስቀድመው በሌላ ኮምፒውተር ያውርዱ። ኦፒኤንሴንስ ራውተር የሚሆነው ሶፍትዌር ነው፤ «ዲቪዲ» የሚለውን ዓይነት ያውርዱና ተጨምቆ ስለሚመጣ ይፍቱት። ሁለቱንም አስቀድሞ መያዝ የሚያስፈልገው ፕሮክስሞክስ ከተጫነ በኋላ ራውተሩ እስኪቆም ድረስ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ስለማይኖረው ነው።

የፕሮክስሞክስን ፋይል ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም በ«ዲዲ» ሁኔታ ፍላሽ ላይ ይጻፉትና ይጫኑ። አድራሻ ሲጠይቅ 192.168.10.2፣ ጌትዌይ ሲጠይቅ 192.168.10.1 ይስጡት። 192.168.1 የሚለውን መስመር የተውነው ከቴሌ የሚመጣው ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ ስለሚጠቀምና ሁለቱ እንዳይጋጩ ነው። ከዚያ ላፕቶፕዎን ለቤቱ በሚሆነው መሰኪያ ላይ በገመድ ያገናኙ፤ ለላፕቶፑ 192.168.10.50 የሚል አድራሻ በእጅ ይስጡትና በብራውዘር በ8006 ፖርት ወደ ፕሮክስሞክስ ገጽ ይግቡ። ብራውዘሩ የምስክር ወረቀት ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ የራስዎ ማሽን ስለሆነ አልፈው መግባት ይችላሉ።

ሦስተኛ፦ ኔትወርኩን ማቆም

በፕሮክስሞክስ የኔትወርክ ገጽ ላይ አንድ ብሪጅ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከገመድ መሰኪያው ጋር የሚያያይዝ ማገናኛ) ተፈጥሮ ያገኛሉ፤ እርሱ የቤቱ ነው። ሁለተኛ ብሪጅ ፈጥረው ከውጭ ወደሚመጣው መሰኪያ ያያይዙት፤ ለዚህኛው ግን ምንም ዓይነት አድራሻ አይስጡት። አድራሻ ከተሰጠው ፕሮክስሞክሱ ራሱ ያለ ራውተሩ ጥበቃ ለውጭው ዓለም ሊጋለጥ ይችላል።

አሁን ለኦፒኤንሴንስ ባለ ሁለት ኮርና ባለ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ቨርቹዋል ማሽን ይፍጠሩ፤ አስቀድመው ያወረዱትን የኦፒኤንሴንስ ፋይል በፕሮክስሞክስ ገጽ በኩል ይላኩለት፣ «ቨርቲዮ» ዓይነት ሁለት የኔትወርክ ካርድም ይስጡት፤ አንዱ በቤቱ ብሪጅ፣ ሌላው በውጭው ብሪጅ ላይ ይሁን። ተጭኖ ሲነሣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ከሚዘረዘሩት ምርጫዎች በመጀመሪያው የትኛው ካርድ የውጭ፣ የትኛው የቤት እንደሆነ ይነግሩታል፤ በሁለተኛው የቤቱን አድራሻ 192.168.10.1 ያደርጉታል፤ አድራሻ ማደሉንም (ዲኤችሲፒ የሚለውን) በዚያው ያበሩለታል። በውስጡ ካለው ሴቲንግ የሃርድዌር ኦፍሎድ የሚባሉት ምርጫዎች ጠፍተው መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ በቨርቹዋል ካርድ ላይ ከበሩ ፍጥነቱን ይጎዳሉ።

የውጭውን ገመድ ከቴሌ ሳጥን ጋር ያገናኙ። ሳጥኑ አድራሻ በራሱ የሚሰጥ ከሆነ ምንም ሳይነኩ ይሠራል። በፒፒፒኦኢ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መስመር ከሆነና ሳጥኑን ወደ ብሪጅ ሁኔታ (መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት) ማዞር ከቻሉ ስሙንና ቃሉን ኦፒኤንሴንስ ላይ ቢያስገቡ ይሻላል፤ አለዚያ አድራሻ ሁለት ጊዜ ስለሚቀየር በኦንላይን ጌም ውስጥ ከጓደኛ ጋር መገናኘት አልፎ አልፎ ያስቸግራል። የውጭ አድራሻዎ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር እየተጋራችሁት ነው፤ በዚህ ጊዜ ከውጭ ወደ ቤት በቀጥታ መግባት አይቻልም።

የቀድሞው የዋይፋይ ራውተር አይጣልም። አድራሻ ማደሉን ያጥፉበት፣ ለራሱ 192.168.10.3 ይስጡት፣ ገመዱን በውጭ መሰኪያው ሳይሆን በቤት መሰኪያው ይሰኩት፤ ከዚያ ወዲያ ዋይፋይ ከማሰራጨት ሌላ ሥራ አይኖረውም።

ጌም የሚጫወት ሰው ያለበት ቤት ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው ከሚቀጥለው ሥራ ነው። ኢንተርኔቱ ለአንዱ ሲያወርድ ለሌላው የሚንቀራፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ አንሶ ሳይሆን ዳታው በቴሌው ሳጥን ውስጥ ረጅም ወረፋ ስለሚይዝ ነው፤ የጌሙ ትንሽ ዳታ ከፊልሙ ትልቅ ዳታ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። በኦፒኤንሴንስ «ሼፐር» ክፍል አንድ የማውረጃ፣ አንድ የመጫኛ (አፕሎድ) መስመር ፈጥረው «ኤፍኪው ኮደል» የሚባለውን አሠራር ይምረጡላቸው። ፍጥነታቸውንም ከተለካው ትንሽ ዝቅ አድርገው ይወስኑት፤ ምሽት ላይ ሲለካ 20 ሜጋቢት የሚመጣ ከሆነ 18 ይጻፉ። ወረፋው ያን ጊዜ የሚያዘው በእርስዎ ማሽን ውስጥ ነው፤ እርሱም ለሁሉም በየተራ ያሳልፋል። ጥቂት ፍጥነት ይቀነሳል፤ ነገር ግን ታናሽ ወንድም ዩቲዩብ ሲከፍት የጌሙ ፒንግ (ዳታው ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ በሚሊሰከንድ) ከ60 ወደ 400 መዝለሉ ይቀራል። ለዚህ ውጤት ሲባል ብቻ እንኳ ይህን ሁሉ መድከም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ፦ ፋይል ማስቀመጫው

በፕሮክስሞክስ ገጽ «ዲስክስ» ከሚለው ሥር «ዜድኤፍኤስ» የሚለውን ከፍተው ሁለቱን ዲስኮች ይምረጡና «ሚረር» ያድርጉ። እያንዳንዱ ፋይል በሁለቱም ላይ ስለሚጻፍ አንዱ ዲስክ ቢሞት ምንም አይጠፋም። ዜድኤፍኤስ ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ የማረጋገጫ ቁጥር ስለሚይዝ በዝምታ የተበላሸውን አግኝቶ ከሌላው ዲስክ ያድሰዋል፤ ይህን ሙሉ ፍተሻ በወር አንድ ጊዜ በራሱ ያካሂዳል።

ከዚያ ከኮንቴይነር (ከቨርቹዋል ማሽን የቀለለ፣ ለብቻው የሚቆም ክፍል) አብነቶች ዝርዝር «ተርንኪ ፋይልሰርቨር» የሚለውን አውርደው ይፍጠሩ፤ ከሚረሩ ላይም የሚበቃውን ቦታ እንደ «ማውንት ፖይንት» ይጨምሩለት። በውስጡ ሳምባ (ፋይልን በኔትወርክ የሚያጋራው ሶፍትዌር) ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ትእዛዝ መጻፍ ሳያስፈልግ በዌብሚን ገጹ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ስምና የይለፍ ቃል መስጠት ይቻላል። በአንድ ጊጋቢት ገመድ በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ያስተላልፋል፤ የሁለት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮም ሳይገለበጥ እዚያው እንዳለ ከቴሌቪዥን ላይ ይታያል።

ሚረር ግን መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ፎቶ ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል፤ ሌባም መብረቅም ሁለቱን አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ የማይተካውን፣ ማለትም የቤተሰብ ፎቶን፣ የትምህርት ማስረጃን፣ የካርታና የውል ቅጂን፣ በውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጠው በሌላ ቤት፣ ቢቻል አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ፤ ለበዓል በሄዱ ቁጥርም ያድሱት።

አምስተኛ፦ ጌሙን ማስገባት

ለዊንዶውስ 11 ቨርቹዋል ማሽን ሲፈጥሩ የማሽን ዓይነቱን «ኪው 35»፣ ባዮሱን «ኦቪኤምኤፍ» ያድርጉ፤ የቲፒኤም 2.0 ምርጫውንም ይጨምሩ፣ ያለ እርሱ ዊንዶውስ 11 አይጫንም። የፕሮሰሰር ዓይነቱ «ሆስት» ይሁን፤ «ባሉኒንግ» የሚለውን ያጥፉ። ዊንዶውሱ ዲስኩንና ኔትወርኩን እንዲያውቃቸው የቨርቲዮ ድራይቨር ፋይልን እንደ ሁለተኛ ሲዲ ይስጡት።

ዊንዶውሱ ተጭኖ በትክክል ሲሠራ ብቻ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይለፉ። መጀመሪያ ፕሮክስሞክስ የካርዱን ድራይቨር እንዳይጭን በተከለከሉ ድራይቨሮች ዝርዝር ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የሚጻፈው ቃል በፕሮክስሞክስ ይፋዊ መመሪያ ስለ ፒሲአይ ማሳለፍ በሚያወራው ክፍል ይገኛል። ከዚያ ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ ሃርድዌር ገጽ ገብተው የፒሲአይ ዕቃ ይጨምሩ፤ ካርዱን ይምረጡና ምስሉና ድምፁ አብረው እንዲሄዱ «ኦል ፋንክሽንስ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ሞኒተሩን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ያገናኙ፤ ኪቦርድና ማውሱንም የተሰኩበትን የዩኤስቢ መሰኪያ በመስጠት ያሳልፉላቸው።

ኮሮቹን መከፋፈል ብዙዎች የማይነኩት፣ ነገር ግን ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ሥራ ነው። በስምንት ኮር ማሽን ላይ ለዊንዶውሱ ስድስት ኮር ይስጡና በ«ሲፒዩ አፊኒቲ» ቦታ ላይ ቁጥራቸውን ይጻፉ፤ ሁለቱ ለራውተሩና ለፕሮክስሞክሱ ይቀራሉ። ይህ ካልተደረገ ከባድ ጌም ሁሉንም ኮር ሲይዝ ራውተሩ ዳታ ለማሳለፍ ተራ ይጠብቃል፤ የጌሙ ምስል ጥሩ ሆኖ ሳለ ፒንጉ የሚዘበራረቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቤቱ ቫሎራንት የሚጫወት ሰው ካለ ግን ይህን አሠራር አስቀድመው ያስቡበት፤ ጌሙ ማጭበርበርን ለመከላከል የሚጠቀምበት ቫንጋርድ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሥራትን አይፈቅድም። ይህን ለማለፍ መሞከር መለያን ሊያሳግድ ስለሚችል አልመክርም። ለእንዲህ ያለ ቤት ጌሙን በራሱ ኮምፒውተር ትቶ ራውተሩንና ፋይሉን በአንድ ያገለገለ አነስተኛ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ማቆም ይሻላል።

በመጨረሻ የአነሣሥ ቅደም ተከተሉን ይወስኑ። ኦፒኤንሴንስ አንደኛ ሆኖ በራሱ ይነሣ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ፋይል ማስቀመጫው ይከተል። ዊንዶውሱ በራሱ አይነሣ፤ መጫወት የፈለገ ሰው በስልኩ ብራውዘር ከፕሮክስሞክስ ገጽ ያስነሣዋል።

ስድስተኛ፦ መብራት፣ ብርድና አቧራ

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ሳይኖር ይህን ሥራ መጀመር ተገቢ አይደለም። 1000 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 600 ዋት አካባቢ ብቻ ይሸከማል፤ ጌም ላይ ያለ ኮምፒውተር ብቻውን 300 ዋትና ከዚያ በላይ ሊስብ ስለሚችል ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የቴሌውን ሳጥንና የዋይፋዩን ራውተር እዚያው ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ በርቶ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ አገናኝተው ኤንዩቲ የተባለውን ሶፍትዌር በፕሮክስሞክስ ላይ ቢጭኑ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሁሉንም በተነሡበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይዘጋል። ኤንዩቲ በመጨረሻ ዩፒኤሱ ራሱ ኃይል እንዲያቋርጥ ማዘዙን ያረጋግጡ፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ኃይሉ ሳይቋረጥ መብራት ከመጣ ባዮሱ መብራት መጥፋቱን ስለማያውቅ ማሽኑ እንደጠፋ ይቀራል።

በክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ የኃይል ገመዱን ብቻ መንቀል አይበቃም። ኢንተርኔቱ በመዳብ የስልክ መስመር የሚመጣ ከሆነ መብረቁ በእርሱም ይገባልና እርሱንም ይንቀሉ። ሶኬቱ የምድር ሽቦ ያለው መሆኑን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስፈትሹ።

በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በእያንዳንዱ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ የቤቱ ቅዝቃዜ ግን አብዛኛውን ያካክሰዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ወቅት ሌሊት ብርድ ላይ ያደረ ወይም በመኪና የመጣ ዕቃ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ እንደገባ ወዲያው አይከፈት፤ በካርቶኑ እንዳለ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ አለዚያ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይይዛል። ኩበትና እንጨት ከሚነድበት፣ ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል ያርቁት፤ ጭሱ ከአቧራው ጋር ተዋህዶ በማራገቢያው ላይ የሚጋገረው ቅባት በብሩሽ ብቻ አይለቅም።

ሰባተኛ፦ ፍተሻና የቤቱ ወረቀት

ሁሉም ከተተከለ በኋላ ዊንዶውሱን ሦስት አራት ጊዜ ያስነሡና ይዝጉ፤ በዚያው ሰዓት በስልክ ቪዲዮ ይክፈቱ፣ መቋረጥ የለበትም። ኮምፒውተሩን አጥፍተው የአንዱን ሃርድ ዲስክ ገመድ ይንቀሉና ፋይሉ መከፈቱን ይዩ፤ ከዚያ መልሰው ይሰኩት። የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ይንቀሉና እስከ መጨረሻው ይጠብቁ።

ከዚያ ከቴሌው ሳጥን ወደ ኮምፒውተሩ በሚመጣው ገመድ ላይ ቀይ ምልክት ያድርጉና እርስዎ በሌሉበት ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ቤተሰቡ የሚያደርገውን በወረቀት ጽፈው የቴሌው ሳጥን አጠገብ ይለጥፉ። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ «ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቀይ ምልክት ያለበትን ገመድ ንቀሉ። ያንኑ ገመድ በዋይፋዩ ሳጥን የውጭ መሰኪያ ላይ ሰኩ። የዋይፋዩን ሳጥን የኋላ ቁልፍ በስክሪብቶ ጫፍ አሥር ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ። ከሳጥኑ ሥር በተጻፈው ስምና የይለፍ ቃል ግቡ።» ቁልፉ ሳጥኑን ወደ ፋብሪካ አሠራሩ ስለሚመልሰው አድራሻ ማደሉን እንደገና ይጀምራል፤ የመግቢያ ስም የሚጠይቅ መስመር ከሆነ ስሙና ቃሉ በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት።